የሰማይ ቃርሚያ

ጎህ ሲቀድ ከደጃፋችን ቆመን ወደ ምሥራቅ ብንመለከት፥ ፀሐይ ገና ከአድማስ በታች ተሰውራ ሳለች ምድሩ አስቀድሞ ወገግ ይላል፤ የዛፉ ጫፍ ከሰማዩ ይለያል፤ ከብት የሚያወጣውም ልጅ በሬውን ከላሚቱ ለይቶ ያያል። ይህ ብርሃን ከየት መጣ? የብርሃን ጠባዩ በቀጥታ መጓዝ ነው፤ ተራራን አይዞርም፥ በምድር ጉብታ ላይም አይታጠፍም። ፀሐይ በዚያ ሰዓት እኛን ባታየን ከራሳችን በላይ ከፍ ብሎ የሚገኘውን አየር ግን ታየዋለች። አየሩም ከደረሰው ብርሃን እጅግ ጥቂቱን ይዞ በየአቅጣጫው ይበትነዋል፤ ከተበተነውም ውስጥ ጥቂቱ ወደ እኛ ደጃፍ ይወርዳል። እንግዲህ ጎህ የምንለው በቀጥታ የመጣ ብርሃን ሳይሆን ተበትኖ የደረሰ ብርሃን ነው።

ይህንኑ ነገር በቤት ውስጥም እናገኘዋለን። ጭስ በሞላበት የሣር ቤት ውስጥ በክዳኑ ቀዳዳ የገባ የፀሐይ ጨረር እንደ ተወጠረ ገመድ ሆኖ ይታያል። ጨረሩ ግን ወደ ዓይናችን አልመጣም፤ የሚሄደው ከቀዳዳው ወደ መሬት ነው። እኛ ያየነው ጭሱና ትቢያው ከመንገዱ አስወጥተው ወደ ጐን የረጩትን ነው። የቤቱ አየር ፍጹም ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ጨረሩ ባለፈበት መንገድ ላይ ምንም ባልታየን ነበር።

ዛሬ ልንጽፍበት ያሰብነው ጉዳይ ይኸው ነው፤ ነገር ግን ስለ ብርሃን ሳይሆን ስለ ራዲዮ ሞገድ ነው። ይኸውም በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ጥቂት ሊቃውንት ከላይኛው አየር የሚበተነውን ደካማ ሞገድ እየለቀሙ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መልእክት ያደረሱበት ብልሃት ነው። በርእሳችን ቃርሚያ ማለታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። አዝመራው ታጭዶ ነዶው ከተጫነ በኋላ በማሳው ላይ የቀረውን ዛላ እየለቀመ ቤቱን የሚያኖር ሰው መኖሩን አንባቢያችን ያውቃልና። ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ግን ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የምንጽፍ መሆናችንን እናስታውቃለን።

የራዲዮ ሞገድና ብርሃን ወንድማማቾች ናቸው፤ የሚለያቸው የሞገዱ ርዝመት ብቻ ነው። ስለዚህም ራዲዮ እንደ ብርሃን ሁሉ በቀጥታ መሄድ ይቀናዋል። ከእንጦጦ ራስ ላይ የቆመ ሰው፥ በመካከል የሚጋርደው ሌላ ተራራ ባይኖር ኖሮ፥ ሊያየው የሚችለው የምድር ዳርቻ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ምድር እንደ እንስራ ሆድ ጐብጣ ትወርዳለች። ጉልየልሞ ማርኮኒ አትላንቲክን በራዲዮ እሻገራለሁ ባለ ጊዜ ብዙዎች ሊቃውንት የተጠራጠሩት በዚህ ምክንያት ነበር። ሆኖም ዲሴምበር 12 ቀን 1901 በእንግሊዝ አገር ከፖልዱ ጠረፍ የተላኩትን ሦስት አጫጭር ምቶች፥ ማለት በሞርስ ፊደል አንዲቱን «ኤስ»፥ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በኒውፋውንድላንድ ሆኖ ሰማሁ አለ።

ምስጢሩ የተገለጠው ቀስ በቀስ ነው። በ1902 አርተር ኬኔሊ በአሜሪካ፥ ኦሊቨር ሄቪሳይድ በእንግሊዝ አገር፥ አንዱ ከሌላው ሳይማከር፥ በላይኛው አየር ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሽፋን አለ፤ ሞገዱን ወደ ምድር የሚመልሰው እርሱ ነው ብለው ጻፉ። በ1924 ኤድዋርድ አፕልተን ከማይልስ ባርኔት ጋር ሆኖ ይህ ሽፋን በእርግጥ መኖሩን በሙከራ አሳየ፤ ስለዚህም ሥራው በ1947 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የፀሐይ ብርቱ ጨረር ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ያለውን ስስ አየር እየመታ ከአተሞቹ ኤሌክትሮን ያስለቅቃል፤ አዮኖስፌር የሚባለው ይህ በነጻ ኤሌክትሮን የተሞላው የአየር ክፍል ነው። በሰከንድ ከ3 ሚልዮን እስከ 30 ሚልዮን ጊዜ የሚርገበገበውን፥ እኛ አጭር ሞገድ የምንለውን ራዲዮ፥ አዮኖስፌር እንደ መስተዋት ወደ ምድር ይመልሰዋል። ከዚያ በላይ ፈጥኖ የሚርገበገበውን ግን አብዛኛውን ጊዜ ሊገታው አይችልም፤ ሞገዱ ሽፋኑን በስቶ ወደ ጠፈር ይወጣል፥ ተመልሶም አይመጣም።

በዚህ የሰማይ መስተዋት ዓለም ሁሉ ተጠቅሞበታል። መርከቦች፥ ኤምባሲዎች፥ የዜና ወኪሎች ኑሮአቸው በእርሱ ላይ ነበር። በ1935 ጦርነቱ ሲያንዣብብ ከአቃቂ ጣቢያ የኢትዮጵያ አቤቱታ ወደ ውጭ አገር የወጣው በዚሁ በአጭር ሞገድ ነበር። መስተዋቱ ግን የፀሐይ አገልጋይ ነውና በጌታው ጠባይ ይለዋወጣል። ቀንና ሌሊት አንድ አይደለም፤ በጋና ክረምት አንድ አይደለም። ከሁሉም የከፋው በፀሐይ ፊት ላይ ብርቱ ፍንዳታ በሚሆንበት ጊዜ ነው። የዚያን ጊዜ የሚመጣው ኤክስሬይ የአዮኖስፌርን የታችኛ ክፍል በኤሌክትሮን ያጥለቀልቀዋል፤ ያም ክፍል አጭሩን ሞገድ ወደ መስተዋቱ ከመድረሱ በፊት ውጦ ያስቀረዋል። ፀሐይ በወጣችበት የምድር ገጽ ሁሉ ላይ ራዲዮ በደቂቃዎች ውስጥ ድምፁ ይጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜም ለሰዓት ያህል እንደ ጠፋ ይቆያል። በሰሜንና በደቡብ ዋልታ አካባቢ ደግሞ መዘጋቱ ቀናት ሊፈጅ ይችላል።

ይህ መዘጋት ምን ማለት እንደ ሆነ እኛ በወጣትነታችን ቀምሰነዋል። መምህር ሆነን በተላክንባት በአንዲት የደቡብ ምዕራብ ትንሽ ከተማ ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱም እስከ መስቀል ይዘጋል። ከሌላው አገር ጋር የሚያገናኘን በአንዲት ቆርቆሮ ክዳን ክፍል ውስጥ የተቀመጠ የአጭር ሞገድ የራዲዮ ስልክ ብቻ ነበር። አባታችን በሰሜን በጠና መታመማቸውን የሚናገር ደብዳቤ መንገዱ ሊዘጋ ሲል ደርሶን ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ምንም ወሬ አልመጣም። ወንድማችን ከአባታችን ዘንድ ተነሥቶ አዲስ አበባ እንደሚገባና በቀጠሮ ቀን በራዲዮ ስልክ እንደሚያነጋግረን ሰማን፤ በቀጠሮውም ቀን ከጧት ጀምረን ከዚያች ክፍል በር ላይ ተቀመጥን።

ያን ዕለት ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ሠራተኛው አዲስ አበባን አገኘ፤ ድምፁም ከአጠገባችን እንዳለ ሰው ጠርቶ ተሰማ። ወንድማችን ስማችንን ጠርቶ ገና ሰላምታውን ሳይጨርስ ግን ድምፁ እንደ ተበጠሰ ክር ጠፋ። ሠራተኛው ሽቦውን ነካካ፤ ባትሪውን ፈተሸ፤ ሌላ ሞገድ ሞከረ። ሌላ ጊዜ ከመቀበያው የማይለየው የሰማይ ጫጫታ እንኳ ሳይቀር ጸጥ ብሏል። ሰውዬው ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ «መምህር፥ ሰማዩ ዘግቷል፤ ትንሽ ይታገሡ፤ እኔ የማደርገው ነገር የለኝም» አለን። ቀና ብለን ብናይ አንዲት ደመና የለችም። ዘግቷል የተባለው ሰማይ ከቶ እንደዚያን ቀን ተከፍቶ አይተነው አናውቅም።

ከሰዓት በላይ ከቆየን በኋላ ድምፁ ከጥልቅ ጕድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ ብቅ ጥልቅ ማለት ጀመረ። ወንድማችን ብዙ ተናግሯል፤ እኛ ከንግግሩ ሁሉ የለየነው ግን አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ «ተሽሏቸዋል»። ሠራተኛው እንዲደግም ቢለምነውም ዳግመኛ አልተሰማም። ያቺ አንዲት ቃል መንገዱ እስኪከፈት ድረስ በቃችን። ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለ ፀሐይ ፍንዳታና ስለ አጭር ሞገድ የተጻፈ ስናነብ፥ በቀትር፥ በጠራ ሰማይ፥ ጫጫታውን ጭምር ይዞ የሚመጣው ጸጥታ በዚያች ክፍል ውስጥ ካገኘን ጋር አንድ ሆኖ አገኘነው።

ከመስተዋቱ ሌላ መንገድ መኖሩ የታወቀው ደግሞ መስተዋቱ ሸካራ ሆኖ ከተገኘበት ስፍራ ነው። በ1938 ሄንሪ ቡከርና ዌልስ የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በፔሩ ተራሮች ላይ በሁዋንካዮ የተመዘገበውን የአዮኖስፌር መለኪያ ሲመረምሩ፥ ወደ ላይ ተልኮ እንደ ጠራ ገደል ማሚቶ ሊመለስ የሚገባው ምልክት በሌሊት ተጨማልቆና ተዘርግቶ መመለሱን አስተዋሉ። ሌላ ሰው መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ያልፈው ይሆናል። እነርሱ ግን በላይኛው ሽፋን ውስጥ ኤሌክትሮኖቹ በአንዱ ስፍራ ሲወፍሩ በሌላው ሲሳሱ፥ እንደ ወንዝ ውኃ እየተቋጠሩና እየተፈቱ ሞገዱን ይበትኑታል ብለው ጻፉ። ቡከር የኋላ ኋላ በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር ከዊልያም ጎርደን ጋር ሆኖ ይህንኑ አሳብ ለታችኛው አየር ጭምር አሰፋው፤ ጽሑፋቸውም በ1950 ወጣ።

እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ሆነ። መስተዋቱን በስቶ ወደ ጠፈር የሚወጣው ፈጣን ሞገድ በሚያልፍበት ጊዜ ከሸካራው አየር ጋር ይጋጫል። ከመቶው ዘጠና ዘጠኙ ብቻ ሳይሆን ከዚያም እጅግ የሚበልጠው ክፍል ያመልጣል። ነገር ግን የቀረችው ኢምንት ተበትና ከአድማስ ወዲያ ወደ ምድር ትወርድ ይሆን? ብትወርድስ ለመስማት ትበቃለች?

በ1951 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ሰዎች ይህን ሊሞክሩ ተነሡ። ማሠራጫውን በአዮዋ ግዛት በሲዳር ራፒድስ፥ መቀበያውን በቨርጂኒያ በስተርሊንግ ተከሉ። በመካከሉ ያለው ርቀት 1,245 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ በአየር ካለው መንገድ ጥቂት ይበልጣል። ሞገዱ በሰከንድ 49.8 ሚልዮን ጊዜ የሚርገበገብ ነበር። በተለመደው አስተሳሰብ ይህ ሞገድ ከአዮዋ ተነሥቶ ወደ ጠፈር መሄድ እንጂ ቨርጂኒያ ላይ የሚሠራው ሥራ አልነበረውም። ሁለቱንም አንቴናዎች ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ወደሚገኝ፥ ከ75 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍ ወደሚል አንድ የሰማይ ስፍራ አነጣጠሩ። ሁለት ሰዎች በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ቆመው ከግድግዳው በላይ ያለውን አንድ የጭስ ደመና እንደሚያዩ ማለት ነው።

ምልክቱ ተሰማ። ደካማ ነው፤ ከጠፈር ከሚመጣው ጫጫታ ጥቂት ከፍ ይላል፤ እንደ ነበልባል ይርገፈገፋል። ነገር ግን አልጠፋም። ቀን ይሰማል፥ ሌሊት ይሰማል፤ በጋ ይሰማል፥ ክረምት ይሰማል። በቀትር ይበረታል፤ በምሽት ይደክማል፤ ነገር ግን ፈጽሞ አይጠፋም። እጅግ ያስደነቀው ደግሞ በፀሐይ ፍንዳታ ጊዜ የሆነው ነው። አጭር ሞገዶች ሁሉ ታፍነው ጸጥ ባሉበት በዚያ ሰዓት ይህ ደካማ ምልክት ይበረታ ነበር። ፍንዳታው በታችኛው ሽፋን ላይ የጨመረው ኤሌክትሮን ለአጭሩ ሞገድ ረግረግ ሲሆንበት፥ ለዚህኛው ፈጣን ሞገድ ግን የሚበተንበትን ትቢያ አበዛለት። እኛ በዚያች ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የተቀመጥንበትን ሰዓት ስናስብ፥ ይህን አንቀጽ በመጀመሪያ ባነበብን ጊዜ መጽሐፉን አጥፈን ጥቂት ዝም ብለናል።

የሥራው ዜና በ1952 «ፊዚካል ሪቪው» በተባለው መጽሔት ሲወጣ ስምንት ሰዎች ፈርመውበታል። ከእነርሱ መካከል ዳና ቤይሊና ቡከር አሉበት፤ በዚያው ዓመት በሌላ ሥራው የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ኤድዋርድ ፐርሰል አለበት፤ ኋላ የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሳይንስ አማካሪ የሆነው ጄሮም ዊዝነር አለበት። ሎይድ በርክነር የሚባልም አለበት፤ ስሙን አንባቢያችን ይያዝልን፤ ወደ አገራችን ስንመለስ እንፈልገዋለንና።

የዚህ ብልሃት ልክ በምድር ጉብታ ይወሰናል። ከ85 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ምድርን የሚያይ ዓይን ቢኖር በአንድ ወገን የሚያየው ዳርቻ 1,040 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በሁለቱም ወገን ሲደመር ከ2,000 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ከዚህ የራቁ ሁለት ጣቢያዎች በአንድ ጊዜ የሚያዩት የሰማይ ስፍራ የላቸውም። ከ1,000 በታች ሲቀርብ ደግሞ ሞገዱ ብዙ መታጠፍ ይኖርበታል፤ የተበተነ ሞገድ ግን ወደ ፊት እንጂ ወደ ጐን መሄድ አይወድም። የቤታችን ትቢያስ ፊታችንን ወደ ብርሃኑ ስናዞር አይደለም እንዴ ይበልጥ የሚታየን?

በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ዕውቀት ለብቻዋ የምትሄድበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለዚህ ሥራ ገንዘቡን ያፈሰሰው ፍርሀት ነበር። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በሰሜን ዋልታ በኩል ይተያዩ ነበርና፥ የአሜሪካ አየር ኃይል በሰሜኑ ብርሃን አገር አጭሩ ሞገድ በሚከዳበት ስፍራ ሁሉ የማይከዳ መልእክተኛ ፈለገ። ስለዚህም በ1950ዎቹ ዓመታት ግሪንላንድንና አይስላንድን የሚያገናኙ የብተና መሥመሮች ተዘረጉ። በአላስካም ከ1955 ጀምሮ «ዋይት አሊስ» የሚባለው፥ በታችኛው አየር ብተና የሚሠራው የስልክ መረብ ተተከለ፤ ስፋታቸው 18 እና 36 ሜትር የሆነ አንቴናዎቹም በበረዶው ላይ እንደ ግንብ ቆሙ። በእርሱ ዘመድ ከዘመድ የተነጋገረ ብዙ ነውና፥ ከፍርሀት የተወለደ ሁሉ ፍሬው መራራ ነው ለማለት አንደፍርም።

በላይኛው አየር ብተና የሚሄደው መልእክት ግን ዋጋው ውድ፥ ጭነቱም ጥቂት ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዋት የሚያወጣ ማሠራጫና ሰፊ የአንቴና ሜዳ ተዘጋጅቶለት የሚያደርሰው ጥቂት የቴሌታይፕ መሥመር ነው። በ1957 እና በ1958 የፀሐይ ነቁጦች ከተመዘገቡት ሁሉ በበዙበት ጊዜ ደግሞ ይባስ ብሎ መስተዋቱ በረታና ፈጣኖቹን ሞገዶች ጭምር ይመልስ ጀመር፤ ከሩቅ አገር የመጣ ድምፅም በደካማው ምልክት ላይ ተደራረበበት። ከዚያ በኋላ የሆነው አጭር ነው። በጁላይ 1962 «ቴልስታር» ወጣ፤ በ1965 «ኧርሊ በርድ» የሚባለው ሳተላይት 240 የስልክ መሥመር ይዞ ከአትላንቲክ በላይ ተቀመጠ። በማሳው ላይ የሚጫን ነዶ ከተገኘ ቃራሚ ማን ያስታውሳል?

ነገር ግን ቃርሚያው አልቀረም። ሊቃውንቱ ደካማውን ምልክት ሲያዳምጡ በየጊዜው ለቅጽበት ያህል ድንገት ከፍ የሚል ድምፅ ይሰሙ ነበር። ይህ የተወርዋሪ ኮከብ ሥራ ነው። ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጡ ድንጋዮች በየቀኑ በቢልዮን እየተቆጠሩ ወደ አየራችን ይገባሉ፤ ከ80 እስከ 120 ኪሎ ሜትር ባለው ከፍታ ላይ እየተቃጠሉ ከኋላቸው የኤሌክትሮን ጅራት ይተዋሉ። ጅራቱ ከሰከንድ ክፋይ እስከ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል፤ በዚያችም ጊዜ ሞገድን ይመልሳል። በካናዳ የፒተር ፎርሳይዝ ባልደረቦች በ1950ዎቹ ዓመታት ይህን ተመልክተው «ጃኔት» የተባለ መሣሪያ ሠሩ። ስሙ ከጃኑስ፥ ፊቱ ወደ ሁለት ወገን ከሚያየው የሮማውያን ጣዖት የመጣ ነው። ሁለቱ ጣቢያዎች መልእክታቸውን አከማችተው ይጠብቃሉ። ተወርዋሪ ኮከብ በሚገባው ስፍራ ሲያልፍና አንዱ ሌላውን ሲሰማ ያከማቹትን በፍጥነት ያፈሱታል፤ ጅራቱ ሲጠፋ ዝም ብለው ሌላውን ይጠብቃሉ። አባቶቻችን ተወርዋሪ ኮከብ ሲያዩ የሰው ነፍስ አለፈች ይሉ ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ደብዳቤ አስይዘው ሰደዱት። በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች የተተከሉ በመቶ የሚቆጠሩ የበረዶ መለኪያዎች ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ አሥርተ ዓመታት የበረዶውን ልክ ለገበሬው ያስታወቁት በዚሁ መንገድ ነው። የበረዶ ልክ ዛሬ ባይደርስ ከሰዓት በኋላ ቢደርስ አይጎዳም፤ ለእንዲህ ያለ መልእክት ይህን የመሰለ ትዕግሥተኛ መልእክተኛ ይገባዋል።

አሁን ወደ በርክነር እንመለስ። ይህ ሰው በኤፕሪል 1950 በጄምስ ቫን አለን ቤት በራት ላይ ተቀምጦ ሳለ፥ የዓለም መንግሥታት ሁሉ ተባብረው ምድርንና ሰማይዋን በአንድ ጊዜ የሚመረምሩበት ዓመት ይወሰን የሚል አሳብ አቀረበ። አሳቡ ተቀባይነት አግኝቶ ከጁላይ 1957 እስከ ዲሴምበር 1958 ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ሆነ፤ ከ60 በላይ አገሮችም ተካፈሉበት። ኢትዮጵያ ከእነርሱ አንዷ ነበረች። በዚሁ ምክንያት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ተቋቋመ፤ ያቋቋሙትም ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን አባ ፒየር ጉዌን ናቸው። ኋላም የአገራችንንና የአካባቢዋን የምድር መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰብስበው በመጽሐፍ ያወጡ እኚሁ ሰው ናቸው።

የዓለም ሊቃውንት ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ቁጥር የፈለጉት በከንቱ አይደለም። የምድር መግነጢስ ወገብ፥ ማለት የኮምፓስ መርፌ በነጻ ሲንጠለጠል ወደ ታችም ወደ ላይም ሳያዘነብል ልክ የሚጋደምበት መሥመር፥ በአገራችን ላይ ያልፋል። በሁዋንካዮም ላይ የሚያልፈው ይኸው መሥመር ነው። በዚህ መሥመር ላይ 105 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ ስፋቱ 600 ኪሎ ሜትር የሚሆን የኤሌክትሪክ ወንዝ በቀን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ሲድኒ ቻፕማን በ1951 ኤሌክትሮጄት ብሎ ሰይሞታል። ወንዙ ጸጥ ብሎ አይፈስም፤ ይታወካል፥ ይፈላል። በሚፈላበትም ስፍራ የራዲዮን ሞገድ ይበትናል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሊማ አጠገብ በሒካማርካ በ18,432 አንቴናዎች የተሠራው ታላቅ ራዳር ይህን ብተና እየለቀመ የወንዙን ጠባይ ገለጠ። ያ ራዳር ዛሬም ይሠራል፤ ሞገዱም በሰከንድ 50 ሚልዮን ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ስለ ሆነ በሲዳር ራፒድስ ከተሞከረው ጋር ጐረቤት ነው።

ራሱን ዊልያም ጎርደንን ሳንጠቅስ ብናልፍ ግፍ ይሆናል። ከቡከር ጋር ስለ ታችኛው አየር የጻፈው ይህ ሰው በ1958 የአንዲት አንዲቷን ኤሌክትሮን ብተና መልቀም ይቻላል ብሎ አሰላ። ለዚሁ ሥራ በፖርቶ ሪኮ በአሬሲቦ ስፋቱ 305 ሜትር የሆነ አንቴና አሠራ፤ በ1963 ተመረቀ። ስሙ የገነነው በኋላ ከዋክብትን በማዳመጡ ነው እንጂ የተወለደው ለአዮኖስፌር ነበር። ዲሴምበር 1 ቀን 2020 ከላዩ የተንጠለጠለው ከባድ መሣሪያ ወድቆ ፈረሰ።

በአዲስ አበባ የነበረው መሣሪያ ከነዚህ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ የመግነጢስን ኃይል በወረቀት ላይ የሚጽፍ መለኪያ ነው። በየቀኑ ፀሐይ ስትወጣ መሥመሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ በቀትር ገደማ ጫፍ ይደርሳል፤ ወደ ማታ ይወርዳል። ይህ ከላይ የሚፈሰው ወንዝ ጥላ ነው። በአንዳንድ ቀን ግን፥ የፀሐይ ቁጣ በሌለበት፥ ሁሉ ጸጥ ባለበት ዕለት፥ መሥመሩ በጠራራ ፀሐይ ወደ ታች ወርዶ ከሌሊቱ ልክ በታች ሲሄድ ጉዌን አዩ። ወንዙ ለጥቂት ሰዓት ወደ ኋላው፥ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይፈስ ነበር ማለት ነው። በ1962 ይህን በአጭር ጽሑፍ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አስታወቁ፤ በ1967 ደግሞ ከፈረንሳዊው ሊቅ ከማዮ ጋር ሆነው ተቃራኒ ኤሌክትሮጄት የሚል ስም ሰጡት። በፔሩም ሆነ በሕንድ፥ በብራዚልም ሆነ በምዕራብ አፍሪካ ይህን ነገር የሚመረምሩ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።